«ፎርትናይት» 15 ቀን ነውን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፎርትናይት» ሁለት ሳምንት፣ ማለትም 14 ቀን ማለት የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በአውስትራሊያ የዘወትር ቃል ሲሆን የአሜሪካን እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው ግን እምብዛም አይሰማውም። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ በግምት ይተረጎማል።

«ስሙ የመጣው ‹ፎርትናይት› ከተባለው ቪዲዮ ጌም ነው።» ጌሙ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ አጻጻፉም ይለያል። ቃሉ ግን ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው የጥንት እንግሊዝኛ «ዐሥራ አራት ሌሊት» የሚለው ሐረግ በጊዜ ብዛት ተጣምሮና አጥሮ የተገኘ ነው። ስለዚህ «ፎርት» የሚለው ክፍል ምሽግ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ «ፎርት» ጋር አይዛመድም።

«የሚቈጥረው ሌሊትን ብቻ ነው።» ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪተስ በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ጻፈው፣ የጀርመን ነገዶች ጊዜን የሚቈጥሩት በቀን ሳይሆን በሌሊት ነበር። ሌሊቱ የቆጠራ መለኪያ ሆኖ ቀረ እንጂ ቃሉ ቀኑንም ሌሊቱንም ያጠቃልላል።

«15 ቀን ማለት ነው።» እኛን በተለይ የሚያሳስተን ይህ ነው፤ መነሻውም የራሳችን ቋንቋ ነው። ዛሬ ሰኞ ሆኖ «የዛሬ 15 እንገናኝ» ስንባባል የምንገናኘው በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ነው፤ የዛሬዋን ሰኞ ጨምረን ስለምንቈጥር ያ ሰኞ 15ኛ ይሆናል። «የዛሬ 8» ብለን ሳምንት ማለታችንም በዚሁ አቈጣጠር ነው። እንግሊዝኛው መነሻዋን ቀን ስለማይቈጥር 14 ይላል። ስለዚህ በንግግር «የዛሬ 15» ብሎ መተርጐም ትክክል ነው፤ በውል ወይም በቀጠሮ ደብዳቤ ላይ ግን «15 ቀናት» ተብሎ ከተጻፈ ቀነ ገደቡ በአንድ ቀን ይዛነፋል። እዚያ «ሁለት ሳምንት» ማለት ይሻላል።

«ከ‹ባይዊክሊ› ጋር አንድ ነው።» «ባይዊክሊ» በሳምንት ሁለት ጊዜም፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም ሊሆን ይችላል፤ «ፎርትናይትሊ» ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው። በወር ሁለት ጊዜ ከመክፈልም ይለያል፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈል ደመወዝ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ 26 ጊዜ ሲደርስ፣ በወር ሁለት ጊዜ የሚከፈለው 24 ጊዜ ነው።

«‹ማክሰኞ ፎርትናይት› ከማክሰኞ የሚጀምር ሁለት ሳምንት ነው።» አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከመጪው ማክሰኞ ሁለት ሳምንት ቈይቶ የሚውለው ማክሰኞ። ዛሬ እሑድ ወሩ 1 ቢል፣ መጪው ማክሰኞ 3 ነው፤ ቀጠሮው 17 ላይ ይውላል።