ሃንያ ምንድን ነው?

ንቅሳት ቤት ገብታችሁ ካወቃችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሁለት ቀንድ፣ ወርቅማ ዓይን፣ እስከ ጆሮ የተበረገደ አፍ። ብዙ ሰው "የጃፓን ሰይጣን" ይለዋል። ሰይጣን ግን አይደለም። ቅናት ያንጨረጨራት ሴት ናት።

ሃንያ "ኖ" በሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ቴአትር የሚለበስ ጭንብል ነው። ኖን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መልክ ያስያዙት ካናሚና ልጁ ዜአሚ ናቸው። ጭንብሉ የሚፈለፈለው ሂኖኪ ከሚባል የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው። ከዚያ የተፈጨ የኦይስተር ዛጎል በሙጫ ተለውሶ ይቀባል።

ስሙ ይገርማል። ሃንያ በቡድሂስቶች ቋንቋ "ጥበብ" ማለት ነው፤ ምንጩ ፕራጅና የሚለው የሳንስክሪት ቃል ነው። ጥበብና ይህ ፊት ምን አገናኛቸው? አንዱ አፈ ታሪክ፣ ሃንያቦ የሚባል መነኩሴ ስለጠረበው ነው ይላል።

ሃንያን በደንብ የምናውቃት "አኦይ ኖ ኡኤ" በተባለው ተውኔት ነው። ሮኩጆ የተከበረች እመቤት ናት። የምትወደው ልዑል ጌንጂ ችላ አላት። ይባስ ብሎ በበዓል ቀን የሚስቱ የአኦይ አጃቢዎች ሠረገላዋን ገፍተው በሰው ፊት አዋረዷት። እሷ ምንም አልተናገረችም። መንፈሷ ግን በቁሟ እያለች ከሥጋዋ ወጥቶ አኦይን ማሠቃየት ጀመረ። መድረኩ ላይ ታማሚዋ አኦይ አትታይም። ወለሉ ላይ የተዘረጋ አንድ ልብስ ብቻ ነው ያለው። ሮኩጆ መጀመሪያ በሴት ፊት ትመጣለች፤ ስትመለስ ሃንያን ለብሳ ነው።

ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት። አፉ በቁጣ ይናከሳል፤ ከዓይኑ በላይ ግን ቅንድቡ የተከፋ ሰው ቅንድብ ነው። ተዋናዩ አንገቱን ሲደፋ ጭንብሉ የሚያለቅስ ይመስላል። ጃፓኖች ይህን ማዘንበል "ማዳመን" ይሉታል፤ ፊት ልክ እንደ ሰማይ ይዳምናል። ለእኔ የጭንብሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙም ይናገራል። ለሮኩጆ ነጣ ያለው ይመረጣል፣ የመኳንንት ወገን ናትና። ቀዩ "ዶጆጂ" በተባለው ተውኔት ለምትመጣዋ ሴት ነው። የዶጆጂ አፈ ታሪክ ውስጥ ያለችው ሴት የሸሻትን መነኩሴ ተከትላ እባብ ትሆናለች። በደወል ውስጥ ሲደበቅባት ደወሉን ተጠምጥማ ታቃጥለዋለች።

ቀንዱ ከመድረክ ውጭም አለ። የጃፓን ሙሽራ በባህላዊ ሠርግ ላይ የምታደርገው ነጭ የራስ መሸፈኛ ስሙ "ቱኖካኩሺ" ነው፤ ቀንድ መደበቂያ ማለት ነው። ወንዱ ሙሽራ ግን ራሱ ላይ ምንም አያደርግም።