በ30 ዓመት 9ኛ ክፍል፦ ሰው የሚለውና እኔ ያየሁት

ከ14 ዓመቴ እስከ 29 ዓመቴ የኖርኩት አንድ ዝግ ማኅበር ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ዘመዶቼ። ራሱን ከቤተ ክርስቲያንም ከሰፈርም ነጥሎ፣ ዓለም ልታልፍ ነው እያለ የሚኖር ማኅበር ነበር። ሐኪም ቤት አይኬድም። የውጭ ሰው ሰርግ አይበላም። ትምህርት ቤት ደግሞ «ዓለማዊ ጥበብ» ስለሆነ 9ኛ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ወር አቋረጥኩ። ከ15 ዓመት በኋላ ወጣሁ፣ በ2012 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር በማታ 9ኛ ክፍልን እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን 36 ሞልቶኛል፣ በማታው አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በዚህ መሀል የሰማሁት ምክር ቢሰፈር ኩንታል ይሞላል፤ አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም።

«ዕድሜሽ አልፏል»

ይሄን ጎንደር ላይ ቆሞ የሚል ሰው በጣም ይገርመኛል። አገር አቋርጦ አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሊያስመሰክር እዚህ በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ሰው አላየውም ማለት ነው? ከንባብ ቤት ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት፣ ከዚያ መጽሐፍ ቤት እያለ የሚዞር ተማሪ ጢሙ ሲሸብት ማንም «አንተ ሰውዬ፣ አይበቃህም?» አይለውም። ይከበራል እንጂ። እኔ ግን ደብተር ይዤ በፒያሳ ሳልፍ ያሾፉብኛል።

የማታ ክፍል ግቡና እዩ። ከጎኔ የምትቀመጠው በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ ከኋላዬ አንድ ጥበቃ፣ ከእሱ ቀጥሎ ባጃጅ ነጂ። ሲመዘግቡኝ የጠየቁኝ ጉርድ ፎቶና የ8ኛ ክፍል ካርድ ነው። (ካርዱ እንዴት እንደተገኘ በኋላ እነግራችኋለሁ።)

«ትንንሾቹ ይስቁብሻል»

አዎ፣ ሳቁ። አንድ ሳምንት። ከዚያ «እትዬ፣ ኖትሽን አውሺኝ» መጣ።

«ተምራ እምነቷን ጣለች»

ይሄን የሚሉኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ ውስጥ ያሉት እያዘኑ ይሉታል፣ ውጭ ያሉት አንዳንዶቹ ደግሞ እያጨበጨቡ። ሁለቱም አንድ ነገር ያምናሉ፤ ደብተርና እምነት አንድ ቤት አያድሩም።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ ትዕቢት ነበር። መሪያችን አንድ ቃል ካነበበ ትርጉሙ እሱ ያለው ብቻ ነው፣ ሌላ የለም። ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ሳላስበው አንድ መምህር ሲያስተምሩ ቆሜ ሰማሁ። አንዷን ጥቅስ ይዘው «አንድም እንዲህ ነው» አሉ። ቀጠሉና «አንድም እንዲህ ነው» አሉ። አሁንም «አንድም»። እኔ እዚያው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በአንዲት ጥቅስ ሦስትና አራት ሐሳብ! ማንም አልተቆጣም። ቅኔ ቤትማ ጭራሽ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፣ ተማሪው በየቀኑ ከራሱ አዲስ ማምጣት አለበት። እኔ 15 ዓመት ሙሉ የአባቶች ሃይማኖት ብዬ የያዝኩት ነገር የአባቶችን ትምህርት ራሱን አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ትምህርት እምነቴን አልወሰደብኝም። ፍርሃቴን ግን ወስዶታል፣ እሱም ቀስ እያለ። ከእኔ ጋር የወጣች አንዲት ጓደኛዬ ከነጭራሹ ማመን ትታለች፣ እሱም የራሷ ነው፤ እሷንም ያስተዋት የባዮሎጂ መጽሐፍ አይደለም፣ እዚያ ውስጥ ያየችው ነገር ነው።

ባዮሎጂ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነቴን ነው፣ መብረቅ የሚመታኝ መስሎኝ መስኮቱን አየሁ። መምህሩ ገባው መሰለኝ፣ «ለፈተናው መልሱ፣ ለራሳችሁ ደግሞ አስቡበት» ብሎ አለፈ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ዓለማዊ ጥበብ» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠሩ ይልክ ነበር። በሽታ ሳይመጣ መከላከል ኃጢአቱ ምኑ ላይ እንደሆነ አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

«ከወጣሽማ ተገላገልሽ»

ይሄኛው ከሁሉም ያደክመኛል፣ ምክንያቱም የሚሉት የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ሰው ከዝግ ቤት ሲወጣ በማግስቱ ክንፍ የሚያወጣ ይመስላቸዋል። እኔ ስወጣ ቡና የሚጠራኝ አልነበረም። እድር የለኝም፣ ዕቁብ የለኝም፣ ከዚያች ጓደኛዬ በቀር የማውቀው ሰው በሙሉ ማኅበሩ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከዚህ ሌላ 15 ዓመት ሙሉ ምን እንደምለብስ እንኳ ሲወሰንልኝ ስለኖርኩ መወሰን አልችልም ነበር። የትምህርት መስክ ምረጪ ስባል ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። አካውንቲንግን የመረጥኩት ወድጄው አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ ነው። አሁን ግን ወድጄዋለሁ፣ ዴቢትና ክሬዲት ሲገጥም እንደሚሰማኝ ደስታ የለም።

ኑሮውም አለ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ተራችን ሲደርስ ጀሪካን ሞልቼ ነው ወደ ክፍል የምሮጠው። ጸጥታው ባልተረጋጋባቸው ወራት ከማታ ትምህርት መመለስ ያስፈራ ነበር፤ ባጃጅ ሲጠፋ ሴቶቹ ተጠባብቀን በቡድን እንሄዳለን። ተገላገልሽ የሚለኝ ሰው ያንን መንገድ አንድ ቀን አብሮኝ ቢሄድ።

«ያ ሁሉ ዓመት ባከነ»

ግማሹ ባክኗል፣ አልዋሽም። ሒሳብ ላይ በጣም ተጎድቻለሁ። ግማሹ ግን አልባከነም። በየሌሊቱ ተነስቶ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ሲል የኖረ ሰው ታሪክና ጂኦግራፊ አይከብደውም። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳትም አይከብደኝም፣ የማጠናው በዚያ ሰዓት ነው። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው፤ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል እጄ አይነሳም። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቅኩት 11ኛ ክፍል ነው። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ ነበር፣ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም።

«50 ካላመጣሽ አለቀልሽ»

የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀልድ አይደለም። እኔ በተፈተንኩበት በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ገደማ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 3.3 ነበር። እኔም አልሞላልኝም። ውጤቱን ያየሁ ቀን «ይኸው፣ እግዚአብሔር ቀጣሽ» የሚለው የድሮው ድምፅ ተመልሶ መጣ። ኋላ ቁጥሩን ሳስበው ሳቅኩ፤ ከመቶው 97ቱ ሁሉ ከማኅበር የወጣ ነው እንዴ?

አላለቀም። ሬሜዲያል የሚባል ነገር አለ። ለሱ የሚፈለገውን ነጥብ ያመጣ ሰው ወራት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ካለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል። እኔ በግል ኮሌጅ ከፍዬ ተማርኩ። ክልላችን ላይ ኢንተርኔት ተዘግቶ የነበረበት ዓመት ስለነበር ማብራሪያ ከስልክ ማየት የለም፣ የምንችለው የሰው ኖት መገልበጥ ነበር። አለፍኩ። ዲግሪው ሲያልቅ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱን በጊዜው።

«ለሁሉም ማስረዳት አለብሽ»

የለብሽም። ክፍል ውስጥ «የት ነበርሽ እስካሁን?» ሲሉኝ «ሥራ ላይ» እላለሁ። አለቀ።

መታወቂያ ግን አውጡ። እኛ ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ 666 ነው ተብለን ስላደግን ብዙዎቻችን ስንወጣ አንድም ወረቀት በእጃችን የለም። የፋይዳ ካርዴን የተቀበልኩ ቀን ጥግ ይዤ ቁጥሩን አንድ በአንድ አየሁት። ሦስት ስድስት ጎን ለጎን የለም። ማየቴ ራሱ ያሳፍራል፣ ግን አየሁ።

«ቤተሰብሽን እስከ መጨረሻው አጣሽ»

እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ያስገባችኝም እሷ ናት። ከወጣሁ በኋላ ከዓመት በላይ አላናገረችኝም፣ በሯን ሳንኳኳ ከውስጥ ጸሎቷን ከፍ አድርጋ ትቀጥላለች። ልመዘገብ ስል የ8ኛ ክፍል ካርድ አምጪ ተባልኩ። ከ15 ዓመት በፊት መሪው ፊት ከደብተሮቼ ጋር የተቃጠለ ነበር የሚመስለኝ። ተስፋ ቆርጬ ሳለ ጎረቤቷ አንድ ፖስታ አቀበለችኝ። «እናትሽ ናት የላከችው፣ ሌላ ምንም አላለችም» አለችኝ። ከፈትኩት፣ ካርዴ ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ነበር ያስቀመጠችው። የዕጣን ሽታ ነበረው፣ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም።