በሐዋይ ተራሮች አናት ላይ ስላሉ የሬዲዮ ማሰራጫዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1981 ከሆኖሉሉ ስርጭት የጀመረው የሐዋይ ሕዝባዊ ሬዲዮ ዛሬ በውቅያኖስ የተለያዩ ደሴቶችን ያዳርሳል። ድምፁን ከደሴት ደሴት የሚያሻግሩት በተራሮች ላይ የተተከሉ ማሰራጫዎች ናቸው። ስለ እነዚህ ማሰራጫዎች በሰፊው ከሚታመነው ውስጥ ብዙው ስሕተት ስለሆነ፣ ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ማረም ተገቢ ነው።

«ረጅሙ ተራራ ላይ አንድ ማሰራጫ ከተተከለ ሁሉም ደሴት ይሰማል»

በማዊ ደሴት የሚገኘው ሃሌአካላ 3,055 ሜትር ከፍታ አለው። የኤፍኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከዚህ ከፍታ የተነሣ ሞገድ የሚጋርደው ነገር ካላጋጠመው የምድር ክብነት እስኪያግደው ድረስ በባሕሩ ላይ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ሆኖሉሉም በዚህ ርቀት ውስጥ ትገኛለች። ችግሩ ግን ተራራ ለአንቴና መቆሚያ እንደሚሆን ሁሉ ለሞገድ ግርዶሽም መሆኑ ነው። በትልቁ ደሴት 4,207 ሜትር የሚደርሰው ማውና ኬአ እና 4,169 ሜትር የሚደርሰው ማውና ሎአ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ሞገድ ስለሚጋርዱ፣ ከኋላቸው ያለው የካኡ አውራጃ ከሃሌአካላ በቀጥታ ሊሰማ አይችልም። ሆኖሉሉ ባለችበት በኦአሁ ደሴትም የኮኦላው ተራራ ሰንሰለት ደሴቲቱን ለሁለት ስለሚከፍላት፣ በአንዱ ወገን ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ በሌላው ወገን ሊጠፋ ይችላል። በተራራው እግር ሥር ያሉ ሸለቆዎችም ከማሰራጫው በብዙ ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ሌላ ደሴት ይልቅ ደካማ ሞገድ ሊደርሳቸው ይችላል።

ስለዚህ ለጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ ማሰራጫ መትከል ብክነት ሊባል አይገባም። አድማጩ ጥቂት የሆነ ሸለቆ ለማስታወቂያ ገቢ አይመችም፤ እንዲህ ያለውን ሸለቆ ለማዳረስ መድከም የሕዝባዊ ሬዲዮ ዋነኛ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

«የማሰራጫውን ኃይል መጨመር የተራራውን ግርዶሽ ያስወግዳል»

የማሰራጫ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የሞገድ ብርታት ማነጻጸሪያ መለኪያ) ብቻ ነው። ትልቅ ተራራ በመካከል ሲቆም የሚጠፋው ኃይል ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ስለሚችል፣ መፍትሔው ከግርዶሹ ባሻገር ሌላ ማሰራጫ መትከል ነው።

«የሬዲዮ ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም»

የአሜሪካ ድምፅን ወይም የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ ሲከታተል ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም፤ አጭር ሞገድ በእርግጥ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ አህጉር ያቋርጣል። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍኤም ሞገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዮኖስፌርን ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ይወጣል። በሐዋይ ዙሪያ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ ሲነጠፍ ሞገዱ በሁለቱ መካከል ተይዞ በጣም ሩቅ የሚጓዝበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 አማተር (ለሙያ ሳይሆን ለፍላጎታቸው የሚሠሩ) የሬዲዮ ሰዎች በ144 ሜጋኸርዝ ከሐዋይ ካሊፎርኒያ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የተገናኙት በዚሁ መንገድ ነበር። ይህ የአየር ጠባይ ግን ሲመጣ እንጂ ሲፈለግ የሚገኝ ስላልሆነ፣ የየዕለት ዜና ሊታመንበት አይችልም።

«አንድ ጣቢያ ከሆነ በሁሉም ደሴት የሚገኝበት የኤፍኤም ቁጥር አንድ መሆን ነበረበት»

የሐዋይ ሕዝባዊ ሬዲዮ ቁጥር በሆኖሉሉ 88.1፣ በማዊ 90.7 የሆነው በዝርክርክነት አይደለም። ሁለት ማሰራጫዎች በአንድ ቁጥር ቢያሰራጩና ሞገዶቻቸው በአንድ ስፍራ ቢገናኙ፣ በጥንቃቄ ካልተቀናጁ በቀር አንዱ ሌላውን ያውካል።

«የተራራ አናት ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ነው»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አመለካከት ይህ ነው። ሃሌአካላ ለሐዋይ ነባር ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ነው፤ የጠፈር መመልከቻዎችም በአናቱ ይሠራሉ። ኡአኡ የተባለው ለመጥፋት የተቃረበ የባሕር ወፍም በተራራው ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ይፈለፍላል። እ.ኤ.አ. በ2009 መላው አሜሪካ ወደ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለመሸጋገር በየካቲት ወር ቀን ቆርጦ ሳለ፣ ሐዋይ ግን ቀድማ ጥር 15 ቀን የአናሎግ ስርጭቷን ዘጋች። አንዱ ምክንያት በሃሌአካላ አናት የነበሩት አሮጌ የቴሌቪዥን ማማዎች የወፉ የመራቢያ ወቅት ከመግባቱ በፊት እንዲነሡ ማስቻል ነበር። የአንድ ክፍለ ግዛት የስርጭት ቀን በአንድ ወፍ ጎጆ ምክንያት መለወጡን አንዳንዶች እንደ ማጋነን ቢያዩትም፣ እኔ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

«አንዴ ከተተከለ ራሱን ችሎ ይሠራል»

ማሰራጫው ፕሮግራም አያዘጋጅም፤ ከስቱዲዮ ወይም ከሌላ ማሰራጫ የሚመጣለትን ተቀብሎ ያስተላልፋል። ስለዚህ መቀበያው ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ ዝም ይላል። ሐዋይ ሞቃታማ ብትሆንም በረጃጅም ተራሮቿ አናት ውርጭና በረዶ ይወርዳል፤ አንቴና ላይ የተጋገረ በረዶም ስርጭቱን ያዛባል። መንገዱም ዋስትና የለውም፦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ማውና ሎአ ሲፈነዳ፣ የቀለጠው ዐለት በተራራው ላይ ወዳለው የአየር ምርምር ጣቢያ የሚወስደውን መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ቆርጦታል። በእንዲህ ዓይነት ተራራ ላይ ማሰራጫ ያለው ድርጅት የመጠባበቂያ ጄኔሬተርና ነዳጅ አስቀድሞ እዚያው ማኖር አለበት።