ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ልጅ ሆኜ ክረምት የማሳልፈው መንዝ አያቴ ቤት ነበር። ውሃ የሚቀዳው ከምንጭ ነው። ምንጩ ከገደሉ ሥር ይፈልቃል፣ ወረድ ብሎ ከብት ይጠጣዋል፣ ከዚያም ወረድ ብሎ ልብስ ይታጠብበታል። አንድ ቀን ዳገቱ ሰልችቶኝ ከታች ቀዳሁ። አያቴ ጄሪካኑን ዘንበል አድርገው አዩና ጓሮ ደፉት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተመለስ!»

«ጥሩ» እዚህ ላይ መልካም ማለት ብቻ አይደለም። «ሰማዩ ጠራ» ስንል ያለው ጠራ ነው፤ ያልደፈረሰ። «ነገር»ም ወሬ ብቻ ሳይሆን ሙግት ነው፣ «ነገረ ፈጅ» የሚለው ላይ እንዳለው። ለዚህም ነው ሽማግሌዎች ባለጉዳዮቹን አስቀምጠው ማን ማንን ሰደበ ከማለታቸው በፊት ይቺን ጣል የሚያደርጉት።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ሁለት ጓደኞቼ በአንስታይን ተጣሉ። አንዱ ስልኩን ደቀነ፦ «ሳይንስ ያለ ሃይማኖት አንካሳ ነው፣ ሃይማኖት ያለ ሳይንስ ዕውር ነው።» አማኝ ነበር ማለቱ ነው። ሌላኛው እ.ኤ.አ. በ1954 ለፈላስፋው ኤሪክ ጉትኪንድ የጻፈውን አወጣ፤ አምላክ የሚለው ቃል ለእኔ የሰው ድካም ውጤት ነው የሚለውን። ከሃዲ ነበር ማለቱ ነው። ጉዱ ሁለቱም የአንስታይን ቃል መሆኑ ነው። ግን የአንካሳዋ ጥቅስ የተወሰደችበት የ1940 ጽሑፍ ራሱ፣ የሃይማኖትና የሳይንስ ጠብ ዋናው ምንጭ በሰው ጉዳይ ጣልቃ የሚገባ አምላክ አለ የሚለው እምነት ነው ብሎ የሚሟገት ነው። ለከሃዲው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በ1929 አንድ የአይሁድ መምህር በአምላክ ታምናለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ በዓለሙ ሥርዓትና ስምምነት በሚገለጠው በፈላስፋው በስፒኖዛ አምላክ አምናለሁ፣ በሰው ዕጣና ሥራ በሚጠመደው ግን አይደለም ብሎ መልሷል። የቱ ጋ ልትመድበው ነው?

ዳርዊንማ የባሰበት ነው። በ1859 መጽሐፉ፣ ዓይን በተፈጥሮ ምርጫ ተገኘ ማለት እጅግ የማይታመን እንደሚመስል አምናለሁ ይላል። ሰው እዚያ ላይ ይቆርጠዋል። እሱ ግን ወዲያው ቀጥሎ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

ለአማኙ ጓደኛዬ ሙሉውን የ1940 ጽሑፍ ላክሁለት። «ወይኔ፣ ረጅም ነው» አለኝ። ጥቅሷ ግን ዛሬም ቴሌግራም ፕሮፋይሉ ላይ አለች።