በደሴና በኮምቦልቻ በቪዲዮ ጥሪ ማስተማርና መማር

በቪዲዮ ጥሪ ማስተማር ማለት መምህሩና ተማሪው በተለያየ ቦታ ሆነው፣ በዙም፣ በጎግል ሚት፣ በቴሌግራም፣ በዋትሳፕ ወይም በኢሞ እየተያዩና እየተነጋገሩ ትምህርት የሚያካሂዱበት መንገድ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ይህ መንገድ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ ለ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ፣ ለግል አስጠኚነትና ለቁርኣን ቂርኣት ያገለግላል። ስሙ የቪዲዮ ጥሪ ይባል እንጂ በዚህ አካባቢ ትምህርቱን የሚሸከመው ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ነው። ምስሉ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ክፍሉ አይበተንም።

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች የፋብሪካ ከተማ ናት። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ክረምት ላይ ጉም ሲያለብሰው አጭሩን መንገድ ያረዝመዋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ሴሚናር ሐረጎን ወጥቶ መውረድ ለሚታክተው መምህር ሊንክ መላክ የሚቀልበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ከፕላዝማ በኋላ

ሩቅ ያለ መምህር በስክሪን ሲያስተምር ማየት ለወሎ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዘረጋው የሳተላይት ትምህርት፣ በሕዝቡ አጠራር «ፕላዝማ»፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚስቁበት ነገር አለ፤ የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ማንም አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የክፍሉ መምህር ደግሞ ጥግ ይዞ አብሮ ተመልካች ይሆናል።

የዛሬው የቪዲዮ ጥሪ በምስል ጥራት ከፕላዝማ አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያንሳል። የሚበልጠው ተማሪው መሐል ላይ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ማለት በመቻሉ ነው። በምትኩ ወጪው ቦታ ቀይሯል። ፕላዝማውን የገዛው መንግሥት ነበር፤ የዙሙን ዳታ የሚገዛው ተማሪው ወይም ወላጁ ነው። ስለ ቪዲዮ ጥሪ ትምህርት የሚነገር ክርክር ሁሉ መጨረሻው እዚህ ጋ ይመጣል።

ነገሩን ከጥቂት ሰዎች ልምድ አውጥቶ ወደ ብዙኃኑ ያመጣው ኮሮና ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ። ለታች ክፍሎች ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የቴሌግራም ቻናል ቀረበ፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተባለ። በ2013 ክፍሎች ሲከፈቱ አብዛኛው ትምህርት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመለሰ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ፈታኝ ጋብዞ ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት መከላከል) ማካሄድና አጫጭር ሥልጠና ግን በኢንተርኔት ቀጠሉ። እነዚህ ጥቂት ሰው የሚሰበሰብባቸው፣ ሁሉም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚመጣባቸው ጉዳዮች ስለሆኑ ለዙም የተመቹ ናቸው። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ሌላ ጉዳይ ነው።

የዳታው ሂሳብ

ዙም በራሱ መመሪያ እንደሚገልጸው ድምፅ ብቻ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ስክሪን ሼር (የራስን ስክሪን ለሌሎች ማሳየት) ብቻ ደግሞ ከ50 እስከ 75 ኪሎቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ጥራት ያለው የቡድን ቪዲዮ ግን ለመቀበል 600 ኪሎቢት፣ ለመላክ እስከ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ይህ ወደ ሜጋባይት ሲመነዘር፣ መምህሩን እየሰማ ስላይዱን የሚያይ ተማሪ በሰዓት 70 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ካሜራውን ከፍቶ የሌሎቹንም ፊት የሚያይ ከ700 ሜጋባይት በላይ ሊያልፍ ይችላል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚማር ሰው ይህ የ1 ወር ፓኬጅ በ1 ሳምንት ማለቅና አለማለቅ ነው።

«ካሜራ አጥፉ፣ ማይክ አጥፉ፣ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ» የሚለው የክፍሉ መክፈቻ የመጣው ከዚህ ሂሳብ ነው። ምስሉ እንዲበራ የሚያስገድድ መምህር አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ተማሪው መኖሩን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሐሳቡ ክፉ ባይሆንም ወንድምና እህት በሚጋሩት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሚማር ልጅ፣ ወይም ቤቷ በማያውቁት ሰዎች እንዳይታይ ለምትፈልግ ተማሪ፣ ካሜራው የዳታ ብቻ ሳይሆን የገበናም ጉዳይ ነው። በመሐል ስም ጠርቶ መጠየቅ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል።

ከዚህ ልማድ የሚለዩ ተማሪዎች አሉ። በምልክት ቋንቋ ለሚማር መስማት የተሳነው ተማሪ ምስሉ ራሱ ትምህርቱ ነው፤ ምስሉ ሲቆራረጥ የጣቶቹ እንቅስቃሴ መሐሉ ይጎድልና ሌላ ቃል ይሆናል። እንዲህ ባለ ክፍል ያለው ዳታ ሁሉ ለአስተርጓሚው ምስል መሰጠት አለበት፤ የሌሎቹ ይጥፋ።

መሣሪያዎቹ

ዙም በነጻ ሲጠቀሙበት ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ይዘጋዋል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለለመደ መምህር ይህ ያን ያህል አያስከፋም፤ ከተዘጋ በኋላ በዚያው ሊንክ ተመልሶ መግባት የተለመደ ነው። ጎግል ሚት ለቡድን 60 ደቂቃ ይሰጣል። በ1990ዎቹ የተጀመረው ስካይፕ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል።

በተግባር ግን የአማርኛ ተናጋሪው የኢንተርኔት ክፍል ቴሌግራም ነው። በቪዲዮ ጥሪ ረገድ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ የቡድን ቪዲዮ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሆኖም ተማሪው ቀድሞ እዚያው ነበር። የመጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ የድሮ ፈተና፣ የመምህሩ ድምፅ ሁሉ በዚያ ይቀመጣል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይይዛል። የቀጥታ ትምህርቱ በዙም ቢሰጥም ቅጂው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ በዕለቱ ያልገባ ሌሊት በርካሽ ፓኬጅ ያወርደዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ፣ በዚያ የመጀመሪያ ዙርም ከተፈታኞቹ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ የሒሳብና የፊዚክስ አስጠኚ የሚፈልገው ወላጅ በርክቷል። ክፍያው በቴሌብር ይላካል፤ ደረሰኙ ፎቶ ተነሥቶ ሲላክ ሊንኩ ይመጣል።

ከወሎ ወደ ውጭ የሚሄደው ትምህርት

ስለ ኢንተርኔት ትምህርት ሲወራ ዕውቀት ከውጭ ወደ አገር ውስጥ የሚገባ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። በወሎ አንዱ ትልቅ ፍሰት ግን በተቃራኒው ነው። ወሎ እንደ ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና ትምህርትና የዚያራ (የሃይማኖታዊ ጉብኝት) ቦታዎች የታወቀ አገር ነው፤ ደረሳው (የሃይማኖት ተማሪው) ከሩቅ ተጉዞ ሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታብ የሚቀራበት ልማድ ሥር አለው። ከዚሁ አካባቢ ደግሞ ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ሄደዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ደሴ ያለ ኡስታዝ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለችን ተማሪ፣ ወይም በስደት የተወለደን ሕፃን በስልክ የሚያቀራበት ክፍል ተፈጠረ።

መንገዱን የጠረገው ኢሞ ነው። ደካማ ኔትዎርክ ላይ መሥራት ስለሚችል እናትና ልጅ መጀመሪያ የተገናኙት በእሱ ነበር፤ ትምህርቱ ኋላ ተከተለ። እናት ከባሕር ማዶ ሆና የልጇን የቤት ሥራ ደብተር ወደ ካሜራው አስጠግቶ እንዲያሳያት ስትጠይቅ፣ ያም በቪዲዮ ጥሪ መማር ነው፤ ማንም በዚህ ስም ባይጠራውም።

ቁርኣን በማስቀራት ረገድ የመሣሪያው ጠባይ በደንብ ይታያል። ተጅዊድ፣ ማለትም የቁርኣን አነባበብ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ፊደል ከትክክለኛ መውጫው እንዲወጣ ይጠይቃል፤ ሳድና ሲን፣ ሓና ሃ መለየት አለባቸው። ኔትዎርክ ሲደክም መተግበሪያው ድምፁን ይጨምቀዋል፣ ጩኸት ለመቀነስ የተሠራው ማጣሪያም ከትንፋሹ ይቆርጣል፤ ኡስታዙም ስሕተቱ የልጁ ይሁን የስልኩ ለመለየት ይቸገራል። ዙም ላይ ማጣሪያውን አጥፍቶ ድምፁን እንዳለ የሚያስተላልፍ ማስተካከያ አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። አንድ ለአንድ በሚሆን ቂርኣት ካሜራ መክፈት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፣ የልጁ ከንፈርና ምላስ ይታያልና።

ሌላው እንቅፋት ያለው በኅብረት ድምፅ አውጥቶ መከተል ላይ ነው። በመድረሳም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤት ሕፃናት መምህሩን ተከትለው በኅብረት ይላሉ። በቪዲዮ ጥሪ ይህ አይሆንም። የእያንዳንዱ ድምፅ የሚደርሰው ጥቂት ዘግይቶ ስለሆነ ሁሉም ቢከተል የሚሰማው ትርምስ ነው፤ መተግበሪያው ደግሞ ጎላ ያለውን ድምፅ አጉልቶ የቀሩትን ያፍናል። ስለዚህ ክፍሉ በተራ ይሆናል፤ አንዱ ሲል ሌሎቹ ማይክ አጥፍተው በቤታቸው ይከተላሉ። ትምህርቱ ይዘገያል፣ በኅብረት ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ማለፍ ግን ይቀራል። ዓይናፋር ልጅ መጀመሪያ ላይ የሚፈተነው በዚህ ነው።

የሰዓቱ ግጭት

ሪያድና ደሴ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ በመካከላቸው ቀጠሮ አያጣላም። ዋሽንግተን ግን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደሴ ያለው አስተማሪ ካልተነገረው ባዶ ክፍል ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚህ የባሰው የአገር ውስጡ ነው። መምህሩ «ማታ 2 ሰዓት» ብሎ ይናገራል፤ የላከው ሊንክ 8፡00 ይላል፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ከሊንኩ በላይ በአማርኛ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ «በኛ አቆጣጠር» የሚለውንም አይረሱም።

መቋረጥ

ሞገድ ተራራ አያልፍም፤ በሸለቆና በተረተር መካከል ለተሠራች ከተማ ከአንድ ሰፈር እስከ ሌላው ኔትዎርክ ቢለያይ አይገርምም። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ የስልክ ማማዎች በባትሪ የሚቆዩበት ጊዜ ስላለ ተማሪው ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ለራውተር ብቻ የምትሆን ትንሽ የባትሪ ሣጥን የሚገዛ አስተማሪ ገንዘቡን አላባከነም።

ከዚህ ሁሉ የከፋም መጥቷል። ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው በነበረበት ጊዜ ስልክና መብራት አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲው ንብረትም ተዘርፏል፣ ወድሟል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቤት፣ ሆቴልና መሥሪያ ቤት ሲቀጥል በስልኩ ብቻ የሚማረው ቀረ። የርቀት ትምህርት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከዚህ ጊዜ ሊወስደው የሚገባ ተግባራዊ ነገር አለ፤ የታተመ ሞጁልና በፍላሽ የሚዞር ቅጂ የሌለው ኮርስ፣ ኔትዎርኩ በጠፋ ቀን ኮርስ መሆኑ ያበቃል።

በስልክ የማይገባው

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ በዚያ የምህንድስና ተማሪ የሽመና ማሽን አሠራርን በቪዲዮ ቢያይ ይጠቀማል። ክሩ ሲበጠስ በጣት ይዞ መቋጠርን፣ የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ጉድለቱን መለየትን ግን አይማርም። የነርሲንግ ተማሪም ደም ሥር መፈለግን ከስክሪን አይለምድም። ለእነዚህ የትምህርት ዓይነቶች የሚሠራው ክፍፍል ንድፈ ሐሳቡን ማታ ማታ በስልክ ጨርሶ፣ ግቢ የሚገባበትን ውሱን ቀን በሙሉ ለወርክሾፑና ለላቦራቶሪው መተው ነው። ይህ ደግሞ መምህሩ የማታውን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠርለት ይጠይቃል።