የኡርዱ የግጥም ደብዳቤ

በፓኪስታንና በሕንድ በሚነገረው በኡርዱ ቋንቋ የግጥም ደብዳቤን «መንዙም ኸት» ይሉታል። «ኸት» ደብዳቤ ነው። «መንዙም» በግጥም የተሰደረ ማለት ሲሆን፣ እኛ ከምናውቀው መንዙማ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ሰላምታው፣ ልመናው፣ ስንብቱ ሁሉ ቤት እየመታ ይሄዳል። «መስነዊ» በሚባሉት ረጃጅም የግጥም ትረካዎች ውስጥም ፍቅረኞች እንዲህ ይጻጻፋሉ።

ዝነኛው ምሳሌ የዴልሂው ገጣሚ ሚርዛ ጋሊብ (እ.ኤ.አ. 1797–1869) ነው። በ1850 ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፈር የሥርወ መንግሥቱን ታሪክ እንዲጽፍለት በወር 50 ሩፒ ቆረጠለት። ችግሩ ክፍያው በየስድስት ወሩ ነበር። ጋሊብ በግጥም አመለከተ። መንፈቅ የሚወጣው ለሙት ነው፤ እኔ ግን በቁሜ በዓመት ሁለቴ ይወጣልኛል አለ። ከደሞዜ ሲሶውን አበዳሪው ተካፍሎኛል። የእርስዎ አገልጋይ ሆኜ በዱቤ ልብላ? መዝጊያው ምርቃት ነው፦ ሺህ ዓመት ይኑሩ፣ የእያንዳንዱም ዓመት ቀን 50 ሺህ ይሁን። አቤቱታ እንጂ ደብዳቤ አይደለም የሚል ካለ አልስማማም። ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ጉዳይም አለው።

የአላሃባዱ ዳኛና ገጣሚ አክበር (1846–1921) ደግሞ የጻፈው ስለ ማንጎ ነው። የወዳጅ ደብዳቤም መልእክትም ይቅርብኝ፤ በዚህ ወቅት ማንጎ ብቻ ይላኩ ይላል። ሃያው የበሰለ ከሆነ አሥሩ ጥሬ ይሁን፣ እያቆየሁ እንድበላው። አድራሻዬን ያውቁታል፤ በቀጥታ በስሜ ወደ አላሃባድ። «አድሬስ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይቀር ምጣኔው ሳይሰበር አስገብቷታል። ብቻ እልካለሁ፣ መጀመሪያ ግን ዋጋውን ይላኩ ብለው እንዳይመልሱልኝ ሲል ይማጸናል። በየቤቱ መድረሻ «ይላኩ» እየተመላለሰ ይመጣል። እንዲህ ያለ የሚያምር ልመና በየትኛውም ቋንቋ ብዙ የለም።

አክበር ራሱም ማንጎ ላኪ ነበር። ላሆር ላለው ለገጣሚው ሙሐመድ ኢቅባል «ላንግራ» የሚባለውን ዝርያ ላከለት። ላንግራ ማለት አንካሳ ነው። ኢቅባል በሁለት ስንኝ አመሰገነው፦ አክበር ሆይ፣ ይህ እንደ መሲሕ የመፈወስህ ተአምር ነው፤ አንካሳው ከአላሃባድ ተነሥቶ ላሆር ገባ።

የኢቅባል ሌላው የግጥም ደብዳቤ ለልጁ ለጃዊድ ነው። በ1935 በወጣው «ባሌ ጂብሪል» መድበል ውስጥ ይገኛል። ኢቅባል ለንደን ሳለ ልጁ በገዛ እጁ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ደረሰው። አባት በግጥም መለሰ፦ በፍቅር አገር የራስህን ቦታ ፍጠር፤ አዲስ ዘመን፣ አዲስ ጧትና ማታ ፍጠር። ልጁ የጻፈው ግራሞፎን ይዘህልኝ ና ብሎ ነበር።