ከድሪቶ እስከ ብርድ ልብስ፦ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ መስፋት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። ከላይ ከትንንሽ ጨርቆች የተገጣጠመው ፊት አለ። መሃል ላይ ሙቀት የሚይዘው ወፍራም ነገር ይገባል። ከስር ደግሞ ገበሩ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከላይ እስከ ታች ወግቶ የሚያልፍ ስፌት ወይም ቋጠሮ ነው። ፈረንጆቹ ፊቱን መገጣጠሙን ፓችወርክ፣ ሦስቱን ደርቦ መስፋቱን ኩዊልቲንግ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ቅርቡ ቃል ድሪቶ ነው።

ድሪቶ ግን ሰው የሚሸሸው ቃል ነው። ጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጥፎ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ የተለበሰ ልብስ ማለት ነው። እናቶቻችን የለፉት ልጆቻቸው ድሪቶ እንዳይለብሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ መሰብሰብ ሲጀምር የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ ይታወቃል። እኔን እናቴ «ምን ጎድሎብሽ ነው?» አለችኝ። ከልቧ ነው ያዘነችው፤ አልፈርድባትም። ድሪቶ የጣፉት ሴቶች ግን ስም ያልወጣለት ትልቅ ሙያ ነበራቸው። የቱ ጨርቅ ከየቱ ጋር እንደሚስማማ፣ የሳሳው ቦታ በምን እንደሚጠነክር ያውቁ ነበር። ዛሬ ጀማሪ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በእጅ እየሰፉ ካንታ የሚባል መደረቢያ ይሠራሉ። ጃፓን ውስጥ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ቦሮ የሚባል የተጣጣፈ ልብስ ይለብስ ነበር። በአሜሪካ አላባማ፣ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ የባሮች ዘሮች ደግሞ ካለቀ የሥራ ሱሪ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 በፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የሱዳኑ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር ጋር የተዋጉት ድርቡሾች ጂባ የሚባል እራፊ የተጣፈበት ቀሚስ ነበራቸው። እራፊው መጀመሪያ ዓለምን የናቀ ሰው ምልክት ነበር። በኋላ ቀለሙና ቦታው ተመርጦ የሚሰፋ የወታደር ልብስ ሆነ። የተጣፈ ልብስ ክብር የሚሆንበት ጊዜ አለ ለሚለኝ ሰው ይህንን ነው የምነግረው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት አጥንት ይገባል። ዳር ዳሩ ላይ፣ በሽሮ ሜዳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግቢው ገና ያልሞላ፣ ሜዳው ክፍት ነው፤ ነፋሱን የሚመልስ የለም። ብርድ ልብስ እዚህ ጌጥ አይደለም።

ጨርቁም ቢሆን እዚሁ አለ። በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱ የልብስ ሰፊ ነው። ከመኪናው ስር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ጠይቁት። ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል፤ አንዳንዱ እንዲያውም የሚጥለው ስለሚቀልለት ያመሰግናል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የሐበሻ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉት የጥለት ቁራጭ አለ። በጣም ያምራል። ግን የሸማ ጨርቅ ድሩ የላላ ስለሆነ ከተቆረጠ ይተረተራል፣ ይለጠጣልም። ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ሁለት ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ምርጫው ቀላል ነው፦ የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ። የሸሚዝ፣ የአንሶላ፣ የድሮ ቀሚስ። ቲሸርት ይቅር፤ መኪናው ስር ይሸሻል። ጥጥ መሆኑን ካልለያችሁ ከዳሩ ክር ምዘዙና ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ቁራጭ አስገብቼ ነበር። ካውያው እንደነካው ተጨማደደና ካውያው ላይ ተጣበቀ። የገጠምኩትን ረድፍ ሙሉ ፈታሁ።

ከመቁረጥ በፊት ሁሉም ይታጠብ። በተለይ ለገበር የሚገዛው አቡጀዲ። አቡጀዲ ውኃ ሲነካው ይገባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ፊቱን ይዞ ይሸበሸባል።

ለመጀመሪያ የምመክረው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ትንሽ ነው፣ ያልቃል። 56 ቁራጭ ይበቃዋል፤ ባለ 7 ቁራጭ 8 ረድፍ። እያንዳንዱ በ17 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይቆረጣል። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 15 ይቀራል። ስለዚህ ሲያልቅ 105 በ120 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የለመዱት ሰፊዎች ለስፌት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይተዋሉ። ጀማሪ ግን በ1 ሴንቲ ሜትር ይጀምር፤ ጨርቁ ሲተረተር መጠባበቂያ ይኖረዋል።

ከጠንካራ ካርቶን አንድ መለኪያ ቁረጡ። ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ዙሩት። የሳሙና መስመር በካውያና በውኃ ይጠፋል። ካርቶኑ ጠርዙ ሲበላ ጣሉትና አዲስ ቁረጡ። ይህ ቦታ ላይ መቸኮል ያስከፍላል። ስፌታችሁ ከ1 ሴንቲ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘልል፣ አንዱ ረድፍ ውስጥ 6 ስፌት ስላለ ረድፉ 2.4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ቀጣዩ ረድፍ ልክ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ፈጽሞ አይገጥሙም። የእኔ የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ማዕዘኖቹ የተዛነፉት በዚህ ነው።

ከዚያ ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርጉ። ደማቁን ከፈዛዛው አጠገብ አድርጉ። አንድ ዓይነት ጨርቅ ጎን ለጎን አይሁን። ሲጥማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ልጅ ሮጦ ቢበትነው መመለሻ ይሆናል።

መጀመሪያ ረድፉ ለብቻው ይሰፋል፣ ከዚያ ረድፍ ከረድፍ ይገጠማል። በመሃል ካውያ አለ። ካውያ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ግማሹ ሙያ ግን እሱ ነው። የአንደኛውን ረድፍ የስፌት ትርፎች ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ አጥፋችሁ ተኩሱ። ካውያው አይጎተት፤ ይጫንና ይነሳ። አሁን ሁለቱን ረድፎች ፊት ለፊት ስታጋጥሙ ትርፎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። አውራ ጣታችሁን መገናኛው ላይ አሳልፉት። ጉብ ያለ ነገር ከተሰማ አልገጠመም። ለጥ ካለ ገጥሟል፤ ስፒል ሰክታችሁ ስፉት።

መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፣ የከሰል ካውያም አለ። መኪና የሌለው በእጁ መስፋት ይችላል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል እንጂ የሚጎድለው ነገር የለም።

ለመሃሉ አሮጌ ጋቢን የሚያህል የለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከጥጥ የተሸመነ፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ከእንግዲህ የማይገባ። ሁሉም ቤት መሃሉ የሳሳ ወይም እድፉ አልለቅ ያለ አንድ ጋቢ ይኖራል። ወፍራም ከሆነባችሁ ስፌቱን ፈትታችሁ ሁለቱን ድርብ ብቻ ተጠቀሙ። የፍራሽ ጥጥ ግን ለጀማሪ አይሆንም። በጣም ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ካልተሰፋ ሲታጠብ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል።

ወለሉን ጥረጉና ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ። በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው። ዳሩን በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያዙት። ጋቢው ከላዩ፣ የተገጣጠመው ፊት ከጋቢው ላይ። ከመሃል ጀምራችሁ በእጅ መዳፍ ወደ ዳር እያስተካከላችሁ በየጋቱ መርፌ ቁልፍ ስኩ። ከዳር ከተጀመረ ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ ማስወጫ የለውም።

ማያያዣው ለመጀመሪያ ጊዜ ቋጠሮ ይሁን። አራት ቁራጮች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ የጥልፍ ክር በድርቡ ከላይ ወደ ታች አስገቡ፣ ትንሽ ፈቅ ብላችሁ መልሳችሁ አውጡ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሩ። 42 ቋጠሮ ይወጣዋል። የእኔን ጎረቤቶቼ ቡና እስኪፈላ ጨረሱት። ሦስት ሴቶች ሦስት ጥግ ይዘው። እናቴ አራተኛውን ጥግ ያዘች። የእሷ ቋጠሮዎች እስካሁን አልላሉም።

ጠርዙ የሚያልቀው በገበሩ ትርፍ ነው። ጋቢው ከፊቱ ጋር እኩል ይቆረጣል። ገበሩ ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። በ2 ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ በተገጣጠመው ፊት ላይ ይታጠፍና ይዘመዘማል።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ ይታጠብ። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ ክብደቱ ስፌቱን ይጎትተዋል። በሁለት ገመድ ላይ አግድም ዘርጉት፣ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አድርጉ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ፊቱ ትንሽ ይሸበሸባል። ያኔ የተዛነፉት ማዕዘኖች ብዙም አይታዩም።